ራሱ ይሄዳል

ሰኞ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ዘጠነኛ «ለ»፣ ደምበጫ፤
መምህር ቻላቸው ገባ፣ ኩራዝና የሻይ ብርጭቆ ይዞ፣
ለብርጭቆውም ሦስት ድንጋይ ማስቀመጫ።
የቤተ ሙከራችንን ጣሪያ ነፋስ ከወሰደ
ሁለት ክረምት ሆኖታል፤ መምህር ወደ አናጢው ሄደ፣
የዋንዛ ሰጋቱራ ለመነ፤ ውሃው ላይ ነሰነሰ፤
ከድንጋዮቹ መሐል ክብሪት ጫረ፣ ኩራዙን ለኮሰ።

ብርጭቆው ይፈነዳል ብለን ወደ ኋላ ሸሸን።
መጀመሪያ ምንም የለ። «ዝም ብላችሁ እዩ» አለን።
ከዚያ ከመሐል አንዲት ብናኝ፣ ማንም ሳይነካት ተነሣች፤
ሽቅብ ወጣች፣ ጫፍ ደረሰች፣
ትንሽ እንደ ማመንታት አለች፣
በዳር በዳሩ አድርጋ ቁልቁል ተመለሰች።
ተከተሏት ሌሎቹ። ያለ ማማሰያ፣ ያለ ነፋስ፣
ውሃው ራሱን ሲያማስል፣ ሲመላለስ።

«ብረት» አለ መምህር፣ «ሙቀትን እንደ ሐሜት
ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ እሱ ንቅንቅ የለ ከተቀመጠበት።
ውሃ ግን ሰው አያምንም፤ በሰው መልእክት አይልክም፤
ትኩሳቱን አዝሎ ራሱ ይሄዳል፤ መንገዱ አይታክተውም።
የሞቀ ይሰፋል፤
የሰፋ ይቀላል፤
የቀለለ ይወጣል፤
የወጣ ይበርዳል፤
የበረደ ይከብዳል፤
የከበደ ይወርዳል።
ጻፉ።»
ጻፍን። ደወል ተደወለ።

ቤት ስገባ እናቴ፣ አንጓች፣ የአረቄውን ድፍድፍ ጥዳ፣
የጋኑን አፍ በጭቃ መርጋ፣ መቃውን ወደ ገንዳው ሰድዳ፣
ጆሮዋን ከጋኑ ጎን አስጠግታ ታዳምጣለች።
ምን ይታያል? ታትሟል። በድምፁ ግን ታውቀዋለች፤
«ገና ነው፤ ሥሩ ብቻ ነው የሚያጉረመርም» ትለኛለች።
አንድ ሁለት ጭራሮ። ዝምታ። ደግሞ ጆሮ።
«አሁን ዞረ» አለች።
ዞረ! ይቺን ቃል መምህር አልነገረን፤
ስድስት ሐረግ አስጽፎ አንዲቱን ነፈገን።

«ገንዳውን እዪው» አለች። ክንዴን እስከ ክርኔ ሰደድሁ፤
ላዩ ይፋጃል፤ ከሥር ግን በጣቶቼ ብርድ ነካሁ፤
ጠዋት ከተምጫ የቀዳሁትን እንደ ቀዳሁት አገኘሁ።
«ከላይ ከላይ ጨልፊ፤ ትኩስ እንደ ሹመኛ ነው፣ ላይ ይቀመጣል፤
ታችኛውን አትንኪው፤ እሱ ገና ይሠራል።»

ወንድሜ ውባንተ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ
ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተንጠላጥሎ፣
ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይገባ፣
ታኅሣሥ ላይ ይመለስ ነበር፤ ሥጋው ቀልሎ፣ እግሩ ከብዶ፣ ከነወባ።
ዘንድሮ ጥምቀት አለፈ። ወሬ ግን መች ጠፋ!
አንዱ አዘዞ አየሁት አለ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ሲያንቀላፋ፤
አንዱ ድንበር ተሻገረ አለ፤ አንዱ አግብቷል አለ፣ ሚስቱም ልትወልድ፤
እናቴ ሁሉንም ትሰማለች፣ ቀና ሳትል፣ እሳት ስታነድ።
«የብረት ወሬ» አልኋት። አልገባትም። ነገርኋት፤
ብርጭቆውን፣ ሰጋቱራውን፤ ስድስቱንም ከደብተሬ አነበብሁላት።

ከመቃው ጫፍ የመጀመሪያዋ ጠብታ ወረደች፤
በጣቷ ተቀብላ፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች።
«የከበደ ይወርዳል» ደገመችው። «ይመለሳል ማለት ነው?»
«አዎ፤ ግን መጀመሪያ መብረድ አለበት፤ ሕጉ ይኸው ነው።»

ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቆየች።
«መተማ» አለች፣
«ይበርዳል እንዴ?»

ደብተሬን ገለጥሁ፤ ከስድስቱ በታች ባዶ ነው።
ገንዳው እንደገና ግሏል። ቅል አነሣሁ፤
ከላይ፣ ከላይ ጨለፍሁ።